በቤትና በመሥሪያ ቤት ውስጥ ስለሚያብቡ ተክሎች አመራረጥና አጠባበቅ

አንድ ሹም ወደ አዲስ መሥሪያ ቤት ሲዛወር፤ ወይም አንድ ባለቤት አዲስ ቤቱን ሲያስመርቅ፤ በሸክላ የተተከለ ያበበ ተክል ተገዝቶ በእንግዳ መቀበያው ክፍል መቀመጡ የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ወር የገባውም የወጣውም ያደንቀዋል፤ በሁለተኛው ወር እምቡጡ ሳይፈነዳ ይረግፋል፤ በሦስተኛው ወር ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያም ደረቅ ግንዱ ብቻ ቆሞ ይቀርና ከነሸክላው ወደ ጓሮ ይጣላል። በዚህ ጊዜ አንዱ ያገሩን ብርድ፤ ሁለተኛው የሻጩን ተንኰል፤ ሦስተኛው የአጠጪውን እጅ ይወቅሳል። ነገሩ በደንብ ሲመረመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ተክሉን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የብርሃን ማነስና የውሃ መብዛት ናቸው። ሁለቱም ያለ ገንዘብ፤ በማስተዋል ብቻ የሚወገዱ ናቸው።

ስለዚህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ ቦታውን መርምሮ ለዚያ የሚስማማውን ተክል መምረጥ ይገባል እንጂ፤ የወደዱትን ተክል ገዝቶ ቦታ መፈለግ አይገባም፤ ውሃውም የሚሰጠው በልማድ ሳይሆን አፈሩን በመዳሰስ ነው።

ስለ ጥቅሙም ከልክ ያለፈ ተስፋ መስጠት አያስፈልግም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ባስደረገው ምርመራ፤ ተክሎች በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የተበከለውን አየር ሲያጠሩ ስለታየ፤ የቤት ተክል የክፍልን አየር ያነጻል የሚል ወሬ በዓለም ተሰራጭቷል። በ2019 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ግን የብዙ ምርመራዎችን ውጤት አመዛዝኖ፤ በተለመደ ክፍል ውስጥ ከጥቂት ተክሎች ይልቅ መስኮት መክፈት እጅግ የበለጠ እንደሚሠራ አስረድቷል። እንደዚሁም በመኝታ ቤት የተቀመጠ ተክል ሌሊት አየሩን እየተሻማ ሰውን ይጐዳል የሚለው ፍርሃት ከንቱ ነው፤ ተክሉ የሚወስደው አየር እጅግ ጥቂት ነውና። የአበባ ጥቅሙ ለዓይንና ለልብ ነው። አቤቱታ ይዞ የመጣ ሰው ተራውን በሚጠብቅበት ክፍል ሕያው አበባ ቢያይ መንፈሱ ይረጋጋል። የሞተ ተክል ግን ከሚቀመጥ ባይቀመጥ ይሻላል፤ አንድ ሸክላ አበባ መጠበቅ ያልቻለ ቤት ጉዳዬን እንዴት ይጠብቅልኛል ብሎ ባለጉዳዩ ማሰቡ አይቀርምና።

1ኛ፤ ስለ ቦታ

ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በብርሃን ነው። የሰው ዓይን ለጨለማ ቶሎ ስለሚለምድ፤ ለእኛ ብሩህ የሚመስለን ክፍል ለተክሉ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ የራቀ ተክል፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ ያለው ከሚያገኘው ብርሃን ከእኩሌታው እጅግ ያነሰ ነው የሚደርሰው። በእንዲህ ያለ ቦታ ቅጠል ብቻ ያለው ተክል ሊቆይ ይችላል፤ የሚያብብ ተክል ግን ለጥቂት ጊዜ ይኖራል እንጂ አያብብም።

ብርሃኑን ለመመዘን መሣሪያ አያስፈልግም። በእኩለ ቀን ተክሉ ሊቀመጥበት በታሰበው ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ፤ እጅን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ ጥላውን መመልከት ይበቃል። ጥላው ጠርዙ የጠራ ጥቁር ከሆነ ብርሃኑ ብርቱ ነው፤ ደብዘዝ ያለ ከሆነ መካከለኛ ነው፤ ጥላው ጨርሶ የማይታይ ከሆነ ግን በዚያ ቦታ የሚያብብ ተክል ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ስለ መስኮት አቅጣጫ በአውሮጳ የተጻፉ መጻሕፍት የሚሰጡትን ምክር እንዳለ መቀበል ያሳስታል። በዚያ አገር ፀሐይ በእኩለ ቀን ዓመቱን ሙሉ በስተደቡብ ስለምትሆን፤ መጻሕፍቱ የደቡቡን መስኮት ለፀሐይ ወዳድ ተክል፤ የሰሜኑን ለጥላ ወዳድ ይመድባሉ። የኢትዮጵያ ነገር ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፤ ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ ፀሐይ በእኩለ ቀን በስተሰሜን ናት፤ በቀረው ጊዜ በስተደቡብ ናት። ስለዚህ የደቡቡ መስኮት ፀሐይ የሚገባበት በበጋ ሲሆን፤ የሰሜኑ መስኮት ተራው የሚደርሰው በአብዛኛው ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት በክረምት ነው። እንግዲህ ሸክላዎቹን በዓመት ሁለት ጊዜ፤ በሚያዝያና በመስከረም፤ ቦታ መለወጥ ይጠቅማል። ዓመቱን ሙሉ የማያሳፍረው ግን የምሥራቁ መስኮት ነው፤ የጧቱ ፀሐይ ለስላሳ ስለሆነ ቅጠል አያቃጥልም። የምዕራቡ መስኮት በተለይ በቆላና በወይና ደጋ ከሰዓት በኋላ እጅግ ይሞቃልና ስስ መጋረጃ ይፈልጋል።

በደጋ አገር ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ውርጭ ስለሚጥል፤ በረንዳ ላይ ያለውን ተክል ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ ያለውንም ከመስተዋቱ ራቅ ማድረግ ይገባል። መስተዋቱን የነካ ቅጠል እንደ ተቃጠለ ሆኖ ያድራል።

2ኛ፤ ስለ አመራረጥ

ቦታው ከታወቀ በኋላ ተክሉን መምረጥ ቀላል ይሆናል። ለአገራችን ቤት ተስማሚ ከሆኑት መካከል ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ጄራንየም፤ ብርቱ ብርሃን ላለው መስኮት ከዚህ የሚሻል የለም። የትውልድ አገሩ በአብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከዘመዶቹ ጥቂቶቹ በኢትዮጵያም በዱር ይበቅላሉ። በ1753 ዓ.ም. ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ ከሌላ ወገን ጋር ቀላቅሎ ጄራንየም ብሎት ነበር፤ በ1789 ዓ.ም. ሌሪትዬ የተባለው ፈረንሳዊ ለይቶ ፔላርጎንየም ቢለውም፤ ሕዝብ እስከ ዛሬ የሚጠራው በፊተኛው ስሙ ነው። ግንዱና ቅጠሉ ውሃ ስለሚያጠራቅም ጥም ይችላል፤ የደጋንም ብርድ፤ ውርጭ ካልነካው፤ ይታገሣል። የሚጠላው እርጥብ እግርና ጨለማ ነው።

የአፍሪካ ቫዮሌት፤ መካከለኛ ብርሃን ላለው ቦታ የሚመረጥ አጭር ተክል ነው። በ1892 ዓ.ም. ቫልተር ፎን ሴንት ፖል የተባለ ጀርመናዊ ሹም፤ ዛሬ ታንዛንያ በሚባለው አገር በኡሳምባራ ተራሮች ደን ውስጥ አግኝቶ ወደ ጀርመን ላከው። ዛሬ በዓለም ላይ ባሉ ቤቶች ሁሉ ቢገኝም፤ በትውልድ ስፍራው ደኑ ስለተመነጠረ በዱር ያሉት ዘመዶቹ የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው። ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ብርድ አይወድም፤ በቅጠሉ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢወድቅበት ነጠብጣብ ይተውበታል።

ካላንኮ፤ ለብዙዎች በሚታወቀው በእንዳሁላ ወገን የሚቈጠር፤ ቅጠሉ ወፍራም የሆነ ተክል ነው። በየአበባ መሸጫው የሚገኘው ዓይነት የመጣው ከማዳጋስካር ነው። ይህ ተክል ሌሊቱ ሲረዝምለት ብቻ የሚያብብ ስለሆነ፤ እስከ ሌሊት የኤሌክትሪክ መብራት በሚበራበት ክፍል የተቀመጠ እንደ ሆነ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱም ለስድስት ሳምንት ያህል ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ጧት 1 ሰዓት ድረስ በካርቶን መክደን ነው። 14 ሰዓት ጨለማ ያገኘ ካላንኮ እምቡጥ መያዙ አይቀርም።

እንሶስላ፤ ከደጋው እርጥብ ጥላ የተገኘ ያገራችን ተክል ሲሆን፤ ሴቶች በሥሩ እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት ስለሆነ በየጓሮው ይታወቃል። አበባው ነጭ፤ ጉሮሮው ሐምራዊ፤ መዓዛውም በተለይ ማታ ማታ የሚሸት ሆኖ ሳለ፤ ለጌጥ ሸክላ የሚመድበው ሰው ጥቂት ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ስለሚያልፍ ጥላ ላለው በረንዳና ለሰፊ አዳራሽ ጥልቅ ሸክላ ተሰጥቶት ይተከላል። በበጋ ቅጠሉ ሲረግፍ ሞተ ተብሎ መጣል የለበትም። ድንቹ ከአፈር በታች አርፎ ይቆያልና፤ ውሃውን ከልክሎ ዝናብ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ካላ ሊሊ፤ ነጭ ቀንድ የመሰለ አበባ የሚያወጣው፤ በየግቢው የሚታየው ተክል ነው። የሊቃውንት ስሙ «ኢትዮጵያዊት» የሚል ስለሆነ ብዙ ሰው ያገራችን ይመስለዋል። ነገር ግን ሊኔየስ ይህን ስም ባወጣበት ዘመን የአውሮጳ ሊቃውንት ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ለሩቁ የአፍሪካ ክፍል ሁሉ ይሰጡ ስለነበር ነው እንጂ፤ ተክሉ የደቡብ አፍሪካ ነው። ከተዘረዘሩት ሁሉ እርጥበትን አብልጦ የሚወድ እርሱ ነው፤ ስለዚህም ውሃ ማብዛት ልማዱ ለሆነ ቤት ይስማማል።

አደይ አበባ፤ ጽጌረዳና ጠምበለል ግን ሙሉ ፀሐይና ነፋስ የሚሹ ስለሆኑ ቦታቸው ደጅ ነው። ለበዓል ተቆርጠው ወደ ቤት ቢገቡ እንጂ በክፍል ውስጥ ማኖር አይቻልም።

በሚገዙበት ጊዜ፤ አበባው ሁሉ ከፈነዳው ይልቅ እምቡጡ የበዛውን መምረጥ፤ ቅጠሉን ገልብጦ ከሥሩ ተባይ አለመኖሩን ማየት፤ ሸክላውንም አንሥቶ ከቀዳዳው የሚታየው ሥር ነጭ እንጂ ጥቁርና የሚሸት አለመሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ስለ ሸክላና ስለ አፈር

ማናቸውም የተክል ዕቃ፤ ሸክላም ቢሆን ቆርቆሮም ቢሆን ፕላስቲክም ቢሆን፤ ከሥሩ ቀዳዳ ሊኖረው ግዴታ ነው። የዘይት ቆርቆሮ ቀለም ተቀብቶ ሲተከልበት ያምራል፤ ነገር ግን ከታች በሦስትና በአራት ቦታ በምስማር ያልተበሳ እንደ ሆነ የተክሉ መቃብር ይሆናል። ያልተቀባ ሸክላ ውሃን በጎኑ ስለሚያተን፤ እጁ ለውሃ ለሚፈታ ሰው ከሁሉ ይሻላል።

ጥቁር የመረሬ አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለሸክላ አይሆንም። ደኅና የሚሆነው ሁለት እጅ የጓሮ ቀይ አፈር፤ አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ወይም የቅጠል ብስባሽ፤ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ አቀላቅሎ መንፋት ነው። ለጄራንየምና ለካላንኮ አሸዋው ጥቂት ይጨመራል። ትኵስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላልና ወራት ቆይቶ ሽታው እስኪጠፋና አፈር እስኪመስል ድረስ መግባት የለበትም።

4ኛ፤ ስለ ውሃ

ማር ሲበዛ ይመራል እንደ ተባለው፤ ተክልም በደግነት ይሞታል። ሥር እንደ ማናቸውም ሕያው ነገር ይተነፍሳል፤ አየሩንም የሚያገኘው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት ነው። ውሃ ሳይቋረጥ ሲፈስበት ክፍተቱ ሁሉ ይሞላና ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል፤ ቅጠሉ ልክ እንደ ተጠማ ተክል ይጠወልጋል። አጠጪውም ይህን አይቶ ጠምቶታል ሲል ይጨምርበታል፤ በዚህም ሊረዳው ባሰበበት እጁ ይገድለዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ከሚጣሉት ተክሎች የሚበዙት የሞቱት እንዲህ ነው።

ስለዚህ ቅጠል ሲጠወልግ አስቀድሞ አፈሩን መዳሰስ ይገባል። ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ወደ አፈሩ ይሰደዳል፤ እርጥበት ከተሰማ ውሃ አይሰጥም፤ ደረቅ ከሆነ ከሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ በሚገባ ይጠጣል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም በማስቀመጫው ሳሕን ላይ የተጠራቀመው ውሃ ይደፋል። ትንሽ ትንሹን ዕለት ዕለት ማርከፍከፍ አይጠቅምም፤ ላይኛውን አፈር ብቻ ያርሳልና። በበጋ ለትንሽ ሸክላ በየሦስትና በየአራት ቀኑ፤ በክረምት በየሳምንቱ ወይም ከዚያ በዘገየ ጊዜ ማጠጣት ሊበቃ ይችላል፤ ሆኖም ዳኛው ጣት እንጂ ቀን አይደለም። ውሃውም ጧት ቢሰጥ፤ የቤቱን ሙቀት የያዘ ቢሆንና ቅጠሉን ሳይነካ በአፈሩ ላይ ቢፈስ ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ የአስተዳደር ነገር አለ። በመሥሪያ ቤት ያለ ተክል ብዙ ጌታ አለው፤ ጧት ጽዳት ሠራተኛዋ ታጠጣዋለች፤ ቀትር ላይ ዘበኛው ይደግመዋል፤ ማታም ከስብሰባ የተረፈው ሻይ ይደፋበታል። ወይም ደግሞ ሁሉም ሌላው አጠጥቶታል ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ለተክሎቹ አንድ ሰው ብቻ ኃላፊ ሆኖ መመደብ፤ ለሌላውም ሁሉ እንዳይነካ መንገር ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ስለ ምግብ፤ ስለ ግርዛትና ስለ ማባዛት

የሸክላ አፈር ጥቂት ስለሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ ምግቡ ያልቃል። አንድ ጣሳ የበሰበሰ ፍግ በአሥር ጣሳ ውሃ ዘፍዝፎ ጥቂት ቀን ካቆዩ በኋላ አጥልሎ፤ መልኩ እንደ ቀጭን ሻይ ሲሆን፤ በሚያድግበት ወራት በየሦስት ሳምንቱ መስጠት ይበቃል። ለእርሻ የሚታደለውን ዩሪያ በእፍኝ ወስዶ በሸክላ ላይ መበተን ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ለሰፊ ማሳ የታሰበው ኃይል በትንሽ ሸክላ ውስጥ ሥሩን ያቃጥላል።

የጠወለገ አበባ ወዲያው መቆረጥ አለበት፤ ተክል ዘር ከያዘ ሥራውን እንደ ፈጸመ ቈጥሮ ማበቡን ይተዋልና። ሽቅብ የተመዘዘ ጄራንየም ደግሞ በመስከረም አጠር ተደርጎ ቢገረዝ ከየአንጓው አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል።

የተገረዘውም አይጣልም። 10 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው አበባ ያልያዘ ቀንበጥ ከአንጓው ሥር በስለታም ቢላዋ ተቆርጦ፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሣሉ፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ሰዓት በጥላ ይቀመጥና በእርጥብ አሸዋ ላይ ይተከላል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ይይዛል። የአፍሪካ ቫዮሌት ደግሞ ከአንድ ቅጠል ይባዛል፤ ቅጠሉ ከነአገዳው ተቆርጦ አገዳው በአሸዋ ውስጥ ሲቀበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትናንሽ ልጆች ከሥሩ ይወጣሉ። ይህ ሥራ ንግድም ሊሆን እንደሚችል፤ በቆቃ አካባቢ ያሉ የአበባ እርሻዎች እንዲህ ያለውን ቀንበጥ እያዘጋጁ ወደ አውሮጳ በመላክ አሳይተዋል።

6ኛ፤ ስለ ተባይ

አዲስ የተገዛ ተክል ከነባሮቹ ጋር ሳይቀላቀል ለሁለት ሳምንት ለብቻው ይቀመጥ። ክሽክሽ በለጋው ጫፍ ላይ ሲታይ፤ ጥቂት ሳሙና በተቀላቀለበት ውሃ በጨርቅ እየጠረጉ በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ መደጋገም ያጠፋዋል። ቀይ ሸረሪት የሚበዛው አየሩ ሲደርቅ ነው፤ የቅጠሉን ሥር በውሃ ማጠብ ይቀንሰዋል። በክረምት ግራጫ ሻጋታ የያዘው ቅጠልና አበባ ተለቅሞ ከቤት ይወጣል፤ መስኮትም ይከፈታል። ለሰብል የተዘጋጀ መድኃኒት በመኖሪያ ክፍል ውስጥ መርጨት ግን ከተባዩ ይልቅ ሰውን የሚጐዳ አደጋ ነው።

7ኛ፤ ስለ ጥንቃቄ

ከሚያብቡት ተክሎች መርዝ ያላቸው ብዙዎች ናቸው። ኦሊያንደር የተባለው ቍጥቋጦ ከቅጠሉ እስከ ግንዱ ሰውንም ከብትንም የሚገድል ነው፤ የአስተናግር ዘመድ የሆነውና እንደ መለከት የተንጠለጠለ ትልቅ አበባ ያለውም እንዲሁ ብርቱ መርዝ አለው። የካላ ሊሊ ጥሬ ቅጠል አፍ ያቃጥላል፤ ካላንኮም ፍየልና ከብት ቢበሉት ልባቸውን ይጐዳል። ስለዚህ ሕፃናት ባሉበት ቤት፤ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ፤ ፊተኞቹን ሁለቱን ጨርሶ አለመትከል፤ የቀሩትንም ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ፤ የተገረዘውንም ለከብት አለመጣል ይገባል።

ከመርዝ የሚብስ ሌላ አደጋም አለ፤ እርሱም ከሸክላው አምልጦ አገር የሚወርስ ተክል ነው። እምቦጭ ሐምራዊ አበባው እጅግ ያማረ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በዓለም የተሰራጨው በአብዛኛው ሰዎች ለአበባው ውበት ሲሉ ከአገር ወደ አገር እያጓዙት ነው። በኢትዮጵያ በ1965 ዓ.ም. በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መኖሩ ታወቀ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ ታየ፤ ከዚያም ወዲህ የዓሣ አጥማጁን መንገድ ዘጋ፤ የገበሬውንም የዳር መሬት ያዘ፤ ብዙ ሺሕ ሰውም በእጁ ሲለቅመው ኖሯል። የወፍ ቆሎም እንዲሁ ለአጥርና ለጌጥ ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን የግጦሽ መሬት የሚወርስና ከብት የሚመርዝ ሆኗል። እንግዲህ ማንም ሹም ወይም ባለቤት ከውጭ አገር ሲመለስ ተክልና አፈር ያለ ኳራንታይን ፈቃድ ይዞ እንዳይገባ፤ በግቢው ኩሬም የማያውቀውን ተንሳፋፊ አበባ እንዳያኖር ሊጠነቀቅ ይገባል። ለአንድ ክፍል ጌጥ የታሰበው ለአንድ አውራጃ ዕዳ ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ በላይ የተጻፈውን በሥራ ለማዋል የሚፈልግ ሰው፤ በአንድ ጊዜ አሥር ሸክላ ባይገዛ መልካም ነው። የክፍሉን ብርሃን በወረቀት ጥላ መዝኖ፤ ለዚያ የሚሆነውን አንድ ተክል ገዝቶ፤ አንድ አጠጪ መድቦ፤ ዓመት ቢጠብቀው ከዚያ ከአንዱ ለራሱ የሚበቃውን ያህል ያባዛል፤ የተረፈውንም በአካባቢው ላለው ትምህርት ቤት ያድላል። ተማሪዎቹም ሥር የያዘውን ቀንበጥ ተቀብለው ጣታቸውን በአፈሩ ሲከቱ፤ ውሃ መቼ እንደሚሰጥ ከዚያው ይማሩታል።